የሻጋታን መርዝ በባክቴሪያ ማፍረስ፦ ለዶሮ አርቢዎች የአሠራር መመሪያ

የሻገተ በቆሎ ሲያጋጥም ብዙ አርቢ የሚያደርገው አንድ ነው። ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ያራግፈዋል፣ ከደህናው ጋር ቀላቅሎ ያስፈጨዋል። ሻጋታው በዚህ ሊሞት ይችላል። መርዙ ግን ንቅንቅ አይልም። ለምሳሌ አፍላቶክሲን እንዲፈርስ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። መኖን እስከዚያ ማሞቅ ማክሰል ነው። የሻጋታ መከላከያ አሲድ ቢጨመርም ሻጋታው እንዳያድግ ይገታል እንጂ ቀድሞ የተመረተውን መርዝ አያጠፋም።

ባክቴሪያ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የመርዙን ሞለኪውል ቆርጠው ጉዳቱ እጅግ ወደቀነሰ ነገር ይለውጡታል። ነገሩ እውነት ነው፤ በቤተ ሙከራም በእርባታም ታይቷል። ችግሩ የሚመጣው ሻጩ «ሁሉንም መርዝ ያጠፋል» ሲልና አርቢው ሲያምነው ነው። ባክቴሪያ የነካውን ሁሉ የሚያጸዳ ሳሙና አይደለም። አንዱ ዝርያ የሚያፈርሰው አንድ ወይም ሁለት መርዝ ነው፤ ሌላው መርዝ አጠገቡ ቢያልፍ አያውቀውም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚጀምረው መኖዎ ውስጥ ያለው የትኛው መርዝ እንደሆነ ከማወቅ ነው።

መርዞቹን በአጭሩ

እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ጫጩቶች ምክንያቱ ሳይታወቅ አለቁ። ምርመራው በመጨረሻ ወደ መኖው አመራ። ከብራዚል የመጣው የለውዝ ፋጉሎ አስፐርጊለስ ፍላቨስ በተባለ ሻጋታ ተበክሎ ነበር። አፍላቶክሲን የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። የዶሮ አርቢን የሚያሳስቡት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

አፍላቶክሲን ቢ1 ጉበትን ይመታል። ጉበቱ ያብጣል፣ ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ሲነኩት ይፈረካከሳል። እንቁላል ይቀንሳል። የበሽታ መከላከል አቅም ስለሚዳከም ክትባት «አልያዘም» የሚባለው ጊዜ አንዳንዴ ከጀርባው ይህ መርዝ አለ። የዳክዬና የተርኪ ጫጩቶች ከዶሮ ይልቅ በቀላሉ ይጎዳሉ።

ኦክራቶክሲን ኤ ኩላሊትን ይጎዳል። ዶሮዎቹ ውኃ ያበዛሉ፣ ኩሳቸው ይቀጥናል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል።

ቲ-2 የሚባለው መርዝ አፍን ያቆስላል። በመንቁሩ ውስጥና በምላስ ዙሪያ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ቁስል ካዩ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። ላባም ያበላሻል።

ዲኦክሲኒቫሌኖል፣ ባጭሩ «ዶን»፣ የቲ-2 ዘመድ ነው። አሳማ ላይ ከባድ ነው፤ ዶሮ ይሻላታል። ቢሆንም አንጀቷን ያዳክማል፣ ለሌላ በሽታ በር ይከፍታል።

ፉሞኒሲንና ዜራሌኖን ዶሮ በአንጻሩ የምትቋቋማቸው ናቸው። በነሱ ብዙ አልቆይም።

አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለ። ዶን፣ ቲ-2፣ ፉሞኒሲንና ዜራሌኖን በአብዛኛው የሚመጡት እህሉ ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። ኦክራቶክሲን የመጋዘን ችግር ነው። አፍላቶክሲን ሁለቱም ጋ ይገኛል፤ ድርቅ የመታው ማሳም እርጥብ መጋዘንም ይስማማዋል።

ባክቴሪያው ምን ያደርጋል?

ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። ገበያ ላይ በአንድ ስም ስለሚጠሩ መለየት ይገባል።

የመጀመሪያው መያዝ ነው። እንደ ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ያሉ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አፍላቶክሲንን በሴላቸው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። የሞተ ሴልም ይይዛል። ግን የተለጠፈው ሁሉ ተለጥፎ አይቀርም፤ ከፊሉ አንጀት ውስጥ መልሶ ሊላቀቅ ይችላል።

ሁለተኛው ማፍረስ ነው። ባክቴሪያው በኢንዛይሙ መርዙን ይቆርጣል ወይም ይለውጣል። ከቆረጠው መመለስ የለም። ይህ መመሪያ የሚመለከተው በዋናነት ይህን ነው።

በደንብ ከተጠኑት አንዱ ከላም የመጀመሪያው ጨጓራ ፈሳሽ የተገኘ የኮርዮባክቴሪያሲ ቤተሰብ ባክቴሪያ ነው። መለያ ቁጥሩ ዲ.ኤስ.ኤም. 11798 ነው፤ ቢ.ቢ.ኤስ.ኤች. 797 በሚልም ይታወቃል። የላም ሆድ ውስጥ መገኘቱ አይገርምም። ከብቶች ዶንን ከአሳማ በተሻለ የሚቋቋሙት የሆዳቸው ባክቴሪያ ስለሚያግዛቸው ነው። ይህ ባክቴሪያ በዶንና በዘመዶቹ ላይ ያለውን መርዛማ ቀለበት ይከፍታል። የሚቀረው ዶም-1 የተባለ ነገር መርዛማነቱ እጅግ ያነሰ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአሳማ፣ በ2017 ደግሞ ለአእዋፍ መኖ ፈቅዶታል።

በአፍላቶክሲን በኩል ታሪኩ ረዘም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመ አንድ ጥናት ወደ 1,000 የሚጠጉ ጥቃቅን ተሕዋስያንን ፈትሾ ነበር። አፍላቶክሲንን ከፈሳሽ ውስጥ ለዘለቄታው ያስወገደው አንድ ባክቴሪያ ብቻ ሆነ፤ ያኔ ፍላቮባክቴሪየም አውራንቲያከም ይባል ነበር። ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም ስላለው ምግብና መኖ ላይ ለማዋል አስቸገረ። ከዚያ ወዲህ ሮዶኮከስና አንዳንድ የባሲለስ ሰብቲሊስ ዝርያዎች አፍላቶክሲንን እንደሚያፈርሱ ታይቷል። ለእርባታ የሚመቸው ባሲለስ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች እናያለን።

ኦክራቶክሲንን የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች መርዙን ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ ቁራጭ ፌኒልአላኒን የተባለ ተራ አሚኖ አሲድ ነው።

አሁን አንድ ወጥመድ። «መርዙ ጠፋ» ማለት ሁልጊዜ ጉዳቱ ጠፋ ማለት አይደለም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ዜራሌኖንን ወደ አልፋ-ዜራሌኖል ይለውጡታል። ቤተ ሙከራው ዜራሌኖን ሲፈልግ ያጣዋል፣ ውጤቱም «ቀንሷል» ይላል። አልፋ-ዜራሌኖል ግን እንደ ሴቴ ሆርሞን ሆኖ ሰውነትን በማወክ ከመጀመሪያው ይብሳል። ስለዚህ «ምን ያህል በመቶ አጠፋ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ወደ ምን ለወጠው?» የሚለው መምጣት አለበት።

ደረጃ 1፦ መርዙን ይለኩ

ይህን ደረጃ ዘሎ ባክቴሪያ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። የምልክቶቹ ዝርዝር ለጥርጣሬ ይረዳል፤ ለፍርድ ግን አይበቃም። የቀነሰ እንቁላል፣ የቀጠነ ኩስ፣ ያልያዘ ክትባት እንደ ኮክሲዲያና ጋምቦሮ ባሉ ሌሎች የዶሮ በሽታዎችም ይመጣል። ሐኪም የሞተ ዶሮ ከፍቶ ጉበቱንና ኩላሊቱን ይይ።

ከዚያ ናሙና ይወስዳሉ። በሻጋታ መርዝ ምርመራ ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው በቤተ ሙከራው ሳይሆን በናሙና አወሳሰዱ ነው። መርዙ በክምሩ ውስጥ እኩል አይሰራጭም። አንድ ጥግ ላይ ያሉ ጥቂት ፍሬዎች ሙሉውን መርዝ ይዘው ሌላው ንጹህ ሊሆን ይችላል። ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ መላክ ሎተሪ መቁረጥ ነው። አወሳሰዱ እንዲህ ይሁን፦

1. ከክምሩ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ ከዳርና ከግድግዳው ጥግ ይውሰዱ። ቢያንስ ከ10 የተለያዩ ቦታዎች ይሁን፤ ቢበዛ ይመረጣል። ጫፉ የሾለ ረጅም ቱቦ ካለ ጆንያው መሃል ድረስ ይገባል።

2. ሁሉንም በአንድ ላይ ያድርጉ። ለበቆሎ 5 ኪሎ ያህል ቢሞላ ጥሩ ነው።

3. መቀነስ ከመጀመርዎ በፊት 5 ኪሎውን በሙሉ ይፍጩት። ሳይፈጩ ከቀነሱ የተመረዘችው ፍሬ በየትኛው በኩል እንደቀረች አያውቁም።

4. የተፈጨውን በደንብ አገላብጠው ክምር ያድርጉት፣ በአራት ይክፈሉት፣ ትይዩ የሆኑትን ሁለት ሩብ ያስቀሩ። ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ እስኪቀር ይድገሙት።

5. በወረቀት ከረጢት ያሽጉ። እርጥበት ያለውን ናሙና በፕላስቲክ ካሸጉት መንገድ ላይ ይሻግትና ያልነበረ መርዝ ይጨምራል።

6. ከእያንዳንዱ የመኖ ዙር 1 ኪሎ በደረቅ ቦታ ያስቀሩ። ዶሮዎቹ መታመማቸው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ያ መኖ ካለቀ በኋላ ነው።

ለፈጣን ምርመራ የወረቀት ጥብጣብ ዓይነት መመርመሪያና ኤላይዛ የሚባለው ዘዴ አሉ። ሁለቱም ለአንድ መርዝ የተሠሩ ናቸው፤ ለአፍላቶክሲን የገዙት ስለ ቲ-2 አይነግርዎትም። ብዙ መርዝ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው የቤተ ሙከራ ምርመራ ውድ ነው። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ አንዴ ማስመርመሩ ይክሳል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአንድ በላይ መርዝ ነውና።

በአልትራቫዮሌት መብራት በቆሎ የሚፈትሹ ሰዎች አሉ። አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ የሚያበራው ነገር ሻጋታው የሚያመርተው ሌላ ንጥረ ነገር እንጂ ራሱ አፍላቶክሲን አይደለም። የሚያበራ በቆሎ መጠርጠር አለበት፤ የማያበራ ግን ንጹህ ነው ማለት አይቻልም።

ውጤቱ ሲመጣ ከምን ጋር ያነጻጽሩታል? የራስዎ አገር ደንብ ይቀድማል። ለመመዘኛ ያህል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በቆሎና ለውዝ ላይ የሚያስቀምጠው የአፍላቶክሲን ልክ ለጫጩት በኪሎ 20 ማይክሮግራም፣ ላደገ ዶሮ 100 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ልክ ጠበቅ ያለ ነው፤ ላደጉ ዶሮዎች የተዘጋጀ መኖ ላይ እንኳ 20 ነው። ለሌሎቹ መርዞች ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ለዶሮ መኖ ዶን በኪሎ 5 ሚሊግራም፣ ኦክራቶክሲን 0.1 ሚሊግራም ተቀምጧል። አሃዱን ልብ ይበሉ። 1 ሚሊግራም 1,000 ማይክሮግራም ነው፤ ሁለቱን አምታቶ የደነገጠም ያለ ስጋት ያበላም አለ።

ደረጃ 2፦ መርዙንና መድኃኒቱን ያዛምዱ

ውጤቱ በእጅዎ ከገባ ምርጫው ይቀላል።

አፍላቶክሲን ብቻ ከሆነ ባክቴሪያ የመጀመሪያ ምርጫዎ መሆን የለበትም። ቤንቶናይት የተባለው ሸክላ አፍላቶክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዘውና ከኩስ ጋር ያወጣዋል። ርካሽ ነው፣ አይሞትም፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። አፍላቶክሲንን እንደሚያፈርስ የተፈተነ ባሲለስ ካገኙ ከሸክላው ጋር ማጣመር ይቻላል።

ዶን ወይም ቲ-2 ከሆነ ግን ሸክላው እዚህ ግባ የሚባል ሥራ አይሠራም። የሞለኪውላቸው ቅርጽ ለመያዝ አይመችም። ባክቴሪያ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው፤ ያ ከላም ሆድ የተገኘው ዝርያ ወይም ለዚሁ መርዝ የተፈተነ ሌላ ይፈልጉ።

ኦክራቶክሲን ከሆነ ለኦክራቶክሲን ተብሎ የተፈተነ ባክቴሪያ ወይም እርሾ ያስፈልጋል። ፉሞኒሲን ከሆነ ከባክቴሪያ በተወሰደ ዘረመል የሚመረት ኢንዛይም አለ፤ ሕያው ሴል አይደለምና አያያዙ ይቀላል።

ድብልቅ ከተገኘ ዶሮዎቹን ይበልጥ የሚጎዳው የትኛው እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ይወስኑና ለእሱ ይግዙ። ሸክላ ለአፍላቶክሲን፣ ባክቴሪያ ለዶን፣ ሁለቱን በአንድ ላይ መስጠት የተለመደ አሠራር ነው።

ደረጃ 3፦ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ

ማሸጊያው ላይ «ጠቃሚ ባክቴሪያ» የሚል ብቻ ካለ ይመልሱት። መታየት ያለበት የባክቴሪያው ሙሉ ስም ከነዝርያ ቁጥሩ ነው። ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባሉት ሁሉ አንድ ሥራ አይሠሩም። አንዱ አፍላቶክሲን ሲያፈርስ ወንድሙ ምንም ላያደርግ ይችላል። ከዚያ በ1 ግራም ውስጥ ስንት ሕያው ሴል እንዳለ ይጠይቁ። የትኛውን መርዝ ወደ ምን እንደሚለውጥ ይጠይቁ። ሙከራው በዶሮ ላይ ተሠርቶ እንደሆነም ይጠይቁ። ብልቃጥ ውስጥ ለ72 ሰዓት ተቀምጦ መርዝ ያፈረሰ ባክቴሪያ ዶሮ ሆድ ውስጥ ያንን ያህል ጊዜ አያገኝም። መኖ ከአፍ ገብቶ ኩስ ሆኖ እስኪወጣ የሚፈጀው ጥቂት ሰዓት ነው። መርዙ ወደ ደም የሚገባው ደግሞ በአብዛኛው ከአንጀቱ የላይኛው ክፍል ነው። ባክቴሪያው በመንገዱ ላይ አሲዳማውን ጨጓራ ማለፍ አለበት፣ አልፎም ቶሎ መሥራት አለበት። ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ባክቴሪያዎች የሚወድቁት በዚህ ነው።

ባሲለስ ለእርባታ ይመቻል ያልኩት ስፖር ስለሚሠራ ነው። ስፖር ማለት ባክቴሪያው ራሱን ጠቅልሎ የሚያንቀላፋበት ጠንካራ ቅርጽ ነው። ሙቀትን፣ ድርቀትንና የጨጓራን አሲድ ይቋቋማል፤ አንጀት ውስጥ ሲደርስ ይነቃል። ዲ.ኤስ.ኤም. 11798 ስፖር የለውም፤ አየርም አይወድም። ስለዚህ በቅዝቃዜ ደርቆና ተሸፍኖ ይሸጣል። ቀኑ ያለፈበትን ወይም ፀሐይ ላይ የቆየ ጆንያ አይግዙ። ዱቄቱ ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ሞቷል።

የመንግሥት ፈቃድ ቁጥር ይኑረው። ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። ፈቃድ ሰጪው ባክቴሪያው ለመድኃኒት የማይበገር ዘረመል እንደማያስተላልፍና ራሱ መርዝ እንደማያመርት ይመረምራል። የባሲለስ ዘመድ የሆነው ባሲለስ ሴሬየስ ሰው የሚያሳምም መርዝ የሚያመርቱ ዝርያዎች አሉት።

ደረጃ 4፦ እርስ በርስ እንዳይጋጩ

ባክቴሪያ ሕይወት ያለው ነገር ነው። አንቲባዮቲክ ከሚሰጥበት መኖ ጋር ከገባ ሊሞት ይችላል። ለኮክሲዲያ የሚጨመሩት እንደ ሞነንሲን ያሉ መድኃኒቶችም አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገታሉ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ አምራቹ በጽሑፍ ሊነግርዎት ይገባል።

በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ዓይነት ከሆነ ክሎሪን ይጠንቀቁ። ክሎሪን የሚገባው ባክቴሪያ ለመግደል ነው፤ የእርስዎን ከሌላው አይለይም። በዚያ ቀን ክሎሪን ያልገባበት ውኃ ይጠቀሙ። አዘጋጅተው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስጨርሱ።

ከሸክላ ጋር የሚያጣምሩ ከሆነ ደግሞ ቤንቶናይት አንዳንድ መድኃኒቶችንም ይዞ ያስቀራል። ሮቤኒዲን የተባለውን የኮክሲዲያ መድኃኒት ከሚወስዱ ዶሮዎች ጋር እንዳይገናኝ የአውሮፓ ኅብረት ያስጠነቅቃል። የማክሮላይድ ወገን ከሆኑ አንቲባዮቲኮች ጋርም እንዲሁ።

ደረጃ 5፦ መጠኑን ያስሉ፣ ይቀላቅሉ

መጠን የሚቆጠረው በሕያው ሴል ነው። ለምሳሌ ለዲ.ኤስ.ኤም. 11798 በአውሮፓ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን በ1 ኪሎ መኖ 170 ሚሊዮን ሕያው ሴል ነው። ለ1 ቶን 170 ቢሊዮን ይሆናል። የገዙት ዱቄት በ1 ግራም 5 ቢሊዮን ሴል ካለው 170ን ለ5 ማካፈል ነው፤ 34 ግራም ይበቃል። በተግባር ብዙ ምርት በሌላ ዱቄት ተቀላቅሎ ስለሚመጣ በቶን የሚገባው ከዚህ ይበዛል። የማሸጊያውን ቁጥር ይከተሉ፤ ስሌቱን ግን ራስዎም ይሥሩት። ሻጩ የሚነግርዎት መጠንና በማሸጊያው ላይ ያለው የሴል ብዛት የማይገናኙበት ጊዜ አለ።

ይህን ትንሽ ዱቄት 1 ቶን መኖ ላይ በትኖ በአካፋ ማገላበጥ አይሠራም። አንዷ ዶሮ ሁሉን፣ ሌላዋ ባዶ ትበላለች። በየደረጃው እያበዙ ይሂዱ፦

ዱቄቱን መጀመሪያ ከ1 ኪሎ የተፈጨ በቆሎ ጋር ይደባልቁ። እሱን ከ10 ኪሎ ጋር፣ ያንን ከ100 ኪሎ ጋር፣ በመጨረሻ ከቀረው ጋር። በየደረጃው ቀለሙ ወይም ብናኙ አንድ ዓይነት እስኪመስል ያገላብጡ። መቀላቀያ ማሽን ካለ ግማሹን እህል አስገብተው ከዚያ ድብልቁን፣ ከላይ ደግሞ የቀረውን እህል ያድርጉ። ዘይት የሚጨመር ከሆነ ከባክቴሪያው በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ የገባ ዘይት ዱቄቱን ያጓጉለዋል።

መኖው በማሽን ተጨምቆ ፔሌት የሚሆን ከሆነ ሙቀቱ ከ75 እስከ 90 ዲግሪ ይደርሳል። ስፖር ይህን ይችለዋል። ስፖር የሌለው ባክቴሪያ ግን ለሙቀት የሚሆን ሽፋን ከሌለው ያልቃል። ይህን ከአምራቹ ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ከመጨመቅ በኋላ የሚጨመር ዓይነት ይምረጡ።

የተቀላቀለውን መኖ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው በቶሎ ያስበሉት። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ድብልቅ ውስጥ ስንት ሴል በሕይወት እንዳለ አምራቹ ካልነገረዎት በስተቀር መገመት አይቻልም።

ደረጃ 6፦ በጥቂቱ ይሞክሩ

ሙሉውን እርባታ አንድ ጊዜ ውስጥ አይክተቱ። በአንድ ቤት ውስጥ ዶሮዎቹን በመከፋፈያ ለይተው ግማሹን ከባክቴሪያ ጋር፣ ግማሹን ያለ ባክቴሪያ ያብሉ። መኖው ከአንድ ዙር ይሁን። ዕድሜያቸው፣ ዝርያቸው፣ ብዛታቸው እኩል ይሁን። የሚችሉ ከሆነ እያንዳንዱን ወገን በብዙ ትንንሽ ክፍል ይክፈሉት፤ ከበሩ አጠገብ ያሉት በብርድ ብቻ ሊለዩ ይችላሉና።

በየሳምንቱ ይመዝኑ። የተበላውን መኖ ለጨመሩት ክብደት ያካፍሉ። 330 ኪሎ በልተው 200 ኪሎ ከጨመሩ ውጤቱ 1.65 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል። እንቁላል ጣዮች ከሆኑ የዕለቱን እንቁላልና የቅርፊቱን ጥንካሬ ይመዝግቡ። የሥጋ ዶሮ ከሆነ እስከ ሽያጭ፣ እንቁላል ጣይ ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ወር በላይ ይከታተሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ባሲለስ በራሱ ለአንጀት ይጠቅማል። መርዝ በሌለበት መኖ ላይም ክብደት ሊያስጨምር ይችላል። ስለዚህ «ዶሮዎቹ ወፈሩ» የሚለው ብቻውን መርዙ ፈርሷል ለማለት አይበቃም። ከሁለቱም ወገን ጥቂት ዶሮዎች ሲታረዱ ጉበታቸውን አውጥተው ጎን ለጎን ይዩ። ቀለሙን ያነጻጽሩ፣ ጉበቱን ከዶሮዋ ክብደት ጋር ይመዝኑ። ለቲ-2 ከሆነ አፋቸውን ከፍተው ቁስሉን ይቁጠሩ። ቤተ ሙከራ የሚደርስዎ ከሆነ በደም ወይም በኩስ ውስጥ የተለወጠውን መርዝ ማስለካት ይቻላል፤ ለዶን የሚፈለገው ዶም-1 ነው። ይህ ከሁሉም የጠነከረ ማስረጃ ነው። መኖው ከመነሻው ንጹህ ከነበረ ደግሞ ልዩነት አያዩም፤ ያ ማለት ባክቴሪያው አይሠራም ማለት አይደለም፣ የሚሠራው ነገር አልነበረውም።

መኖውን አስቀድሞ ማብላላትስ?

ዶሮዋ ከመብላቷ በፊት ባክቴሪያው መኖው ላይ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። የጊዜን ችግር ይፈታል። በተለይ ለለውዝ ፋጉሎና ለአልኮል ተረፈ ምርት ይሠራበታል። የአልኮል ተረፈ ምርት ስታርቹ ስለሚወጣለት መርዙ ከመጀመሪያው እህል በሦስት እጥፍ ያህል ይከማችበታል።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ለዚህ ሥራ የተፈተነ የባሲለስ ሰብቲሊስ ዘር ይገዛል። ፋጉሎው ተፈጭቶ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን ይደረጋል፤ ለ10 ኪሎ ደረቅ ፋጉሎ ክሎሪን የሌለው 6 ሊትር ተኩል ያህል ውኃ ማለት ነው። ዘሩ ይጨመራል። ባሲለስ አየር ስለሚፈልግ በስሱ ተዘርግቶ ከ30 እስከ 37 ዲግሪ ሙቀት ላይ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ በየጊዜው ይገላበጣል። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጠንካራ የአሞኒያ ሽታ ከመጣ ፕሮቲኑ እየባከነ ነው፤ ያቁሙ። ከዚያ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች እስኪወርድ በፍጥነት ይደርቃል። ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ መርዙ ይለካል።

በእኔ አስተያየት ይህ ለትንሽ እርባታ አይመከርም። ሞቃትና እርጥብ ፋጉሎ ሻጋታ የሚመኘው ነገር ነው። ዘሩ ደካማ ከሆነ ወይም ማድረቂያው ከዘገየ ከጀመሩበት የባሰ መርዝ ይዘው ይጨርሳሉ። ማድረቂያና መለኪያ ያለው መኖ አቀናባሪ ይሥራው።

ቤት ውስጥ ባክቴሪያ ማርባትም እንዲሁ ይቅር። የላም ሆድ ፈሳሽ ቀድቶ መኖ ላይ መርጨት፣ የአንዱን ዙር ድብልቅ ለቀጣዩ እንደ እርሾ ማቆየት፣ እርጎ መጨመር የሚመከርበት ጊዜ አለ። ከላም ሆድ ፈሳሽ ጋር ሳልሞኔላና ሌላም ሊመጣ ይችላል። የሚፈለገው ባክቴሪያ አየር ሲነካው ይሞታል፤ የማይፈለገው ይተርፋል።

ከባክቴሪያው ጎን ለጎን

ወደ መጋዘን የሚገባው በቆሎ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች ይሁን። መለኪያ ከሌለ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው አድርገው በደንብ ይናጡ። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ 15 በመቶ ግድም ወይም ከዚያ በላይ። ስብርባሪውንና ብናኙን በወንፊት ይለዩ፤ መርዙ የሚበዛው እዚያ ነው። ነቀዝ የበላው እህል ለሻጋታ ይመቻል። የመመገቢያውን ጥግና የማከማቻውን ግድግዳ በየጊዜው ይፋቁ። አሮጌ የተጋገረ መኖ አዲሱን ይበክላል።

መጠኑ ከልክ በላይ ከሆነስ?

ይህ ግልጽ ይሁን። የአውሮፓ ኅብረት ዲ.ኤስ.ኤም. 11798ን የፈቀደው የመርዝ ልክን ባላለፈ መኖ ላይ እንዲውል ነው። ልክ ያለፈን መኖ ለማዳን አይደለም። በአፍላቶክሲን የተበከለ መኖን ከንጹህ ጋር ቀላቅሎ ቁጥሩን ማውረድም እዚያ በሕግ ክልክል ነው። ባክቴሪያ የሚጠቅመው መጠኑ አነስተኛ ሆኖ ቀስ እያለ ምርት ለሚቦረቡርበት ሁኔታ ነው።

አፍላቶክሲን ከልክ በላይ ከተገኘ መኖውን ያንሱ፣ ወዲያው ንጹህ ይስጡ። ወደ ጉበትና ወደ እንቁላል የገባው እስኪወጣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ከዚያም በላይ ይጠብቁ፤ ከዚያ በፊት ለሰው ምግብ ስለ መሸጥ ሐኪምዎን ያማክሩ። አፍላቶክሲን ቢ1 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት ከተመዘገቡት አንዱ ነው። የተነሳውን መኖ ደግሞ ለምታለብ ላም አይስጡ። ላሟ አፍላቶክሲን ኤም1 አድርጋ በወተቷ ታወጣዋለች፣ ሕፃናትም ይጠጡታል። ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት፤ ሲያነሱት አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ብናኙም መርዝ አለበት።